የማክሰኞው ድርሻ

በሩ ሲንኳኳ ገድሉ ከሰኞው የዳዊት ድርሻ ሁለት መዝሙር ብቻ ቀርቶት ነበር።

ነጠላውን አጣፍቶ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ቆሟል። ሊነጋ ትንሽ ቀርቶታል። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ አባርቶ ከሐይቁ የደንገል ሽታ ይመጣል።

«ጋሼ ገድሉ!»

የጎረቤቱ የሸምሲያ ድምፅ ነው። ሸምሲያ የዓሣ አጥማጁ የነስረዲን ሚስት ናት፤ ሁለቱን ግቢ የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ክብሪት ሲያልቅባት፣ መብራት ሲጠፋባት ታንኳኳለች። ገድሉ ጸሎት ላይ ከሆነ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እሷም ይገባትና ትመለሳለች። ጸሎት የጀመረ ሰው እስኪጨርስ ከሰው ጋር ቃል አይለዋወጥም፤ እንዲህ ነው የተማረው። በሰንበቴው ማኅበርም «ቤቴ ቢቃጠል እንኳ ዳዊቴን አላቋርጥም» እያለ ብዙ ጊዜ ተናግሯል። ይህን ሲናገር ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሲያዳምጠው ደስ ይለዋል።

ጉሮሮውን ጠረገ።

እንደገና ተንኳኳ። «ጋሼ ገድሉ! ኧረ ጋሼ!»

ይኼ የክብሪት ድምፅ አልነበረም። ገድሉ አወቀ። እግሩ እንኳ ወደ በሩ ሊል ቃጥቶት ነበር። ግን አልሄደም። ከጀመረ ወዲህ አፉ ሲያነብ ልቡ ሌላ ሲያወጣና ሲያወርድ ቆይቷል፤ በመጪው እሑድ ማኅበሩ ላይ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ ያስብ ነበር። እንዲያ የባከነውን ጸሎት አሁን ቢያቋርጠው ጭራሽ ምንም እጁ ላይ የማይቀር መሰለው። ድምፁን ከፍ አደረገ። ግዕዙ ከአጥሩ ወዲያ እስኪሰማ ድረስ ከፍ አደረገው። እሱ ከፍ ባደረገ ቁጥር እሷ ትመታለች፤ እሷ በመታች ቁጥር እሱ ከፍ ያደርጋል።

በመጨረሻ እግሯ ጭቃውን እየረገጠ ሲርቅ ሰማ።

የሰኞው ድርሻ አለቀ። ካቆመ በሩን መክፈት ሊኖርበት ነው። በሩን ከከፈተ ደግሞ ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። ገጹን ገለጠና የማክሰኞውን ጀመረ። በአርባ ዓመት ውስጥ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ሲወጣ ፀሐይ ወጥታለች። በመተላለፊያው ጭቃ ላይ አንድ የሴት ነጠላ ጫማ ተተክሎ ቀርቷል። ከማዶ፣ መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጠው ሰብለ ወንጌል እግሯን ትታጠባለች፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት።

«ጨረሱ፣ ጋሼ?» አለችው።

«ምን ተገኘ?»

«ነስረዲን ወደቀ። መረቡን ሊያነሣ ብድግ ሲል በአንድ ጎኑ ዘጭ አለ፤ አፉም ተያዘ። ባጃጁ በዚህ ጭቃ አይወርድ! እኔና ሸምሲያ በጋቢ ተሸክመን አስፋልት አደረስነው። ያንን ግንድ የሚያህል ሰው፣ ሁለት ሴት! ሦስት ጊዜ ከእጃችን አመለጠ።»

ገድሉ መሬት መሬት አየ።

«ተመልሼ እርስዎን ልጥራ ብል ‹ተያቸው፣ ጸሎት ላይ ናቸው› አለችኝ።» ሰብለ ወንጌል እግሯን ማሸቷን አላቆመችም። «ደግሞ የዛሬው ረዘመ። ድምፅዎ አስፋልት ድረስ ሸኝቶናል እኮ።»

ጫማውን ከጭቃው ነቀለ። አጥቦ በፌስታል ያዘውና አስፋልቱ ድረስ በእግሩ ወጥቶ ወደ ሆስፒታሉ ባጃጅ ተሳፈረ።

መንገድ ላይ ሚስቱ የሞተች ቀን ትዝ አለው። ድንኳን የተከለ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ውኃ የቀዳ ነስረዲን ነበር። ያኔ የነስረዲንን በር ያንኳኳ ሰው አልነበረም፤ ለቅሶውን በአጥሩ ላይ ሰምቶ መጣ እንጂ።

ገድሉ «አቤቱ ይቅር በለኝ» ሊል ጀመረና ቃሉን መልሶ ዋጠው። ይኼን ቃል ማለት ቀሎት ነበር፤ መቅለሉም አሳፈረው። ለእግዚአብሔር ስንት ጊዜ ተናግሯል! የሚከብደው ለሸምሲያ መናገሩ ነው።

ሆስፒታሉ ደርሶ ከክፍል ክፍል ሲጠይቅ አረፈደ፤ ነስረዲንን በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ አስተኝተውት አገኘ። የቀኝ እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ከጎኑ ተቀምጧል። ዓይኑ ተገልጧል፤ አፉ ግን ተጣሟል። እናቱ እማማ ሙኒራ ወሬው ደርሷቸው ከሐሙሲት በመጀመሪያው አውቶቡስ መጥተው እግርጌው ተቀምጠዋል። ሸምሲያ ገድሉን ስታይ ብድግ አለች።

«መጡ፣ ጋሼ? እማ፣ ጋሼ ገድሉ ናቸው። እሱ ሲወድቅ እሳቸው ጸሎት ላይ ነበሩ። እኔማ ተሸክሜው ስሄድ ድምፃቸውን እየሰማሁ ነው የተጽናናሁት። ለኛም እየለመኑልን ነው አልሁ።»

አሮጊቷ የገድሉን እጅ ስበው ሳሙት። ሊነጥቃቸው ፈለገ፤ አልቻለም። የከንፈራቸው ሙቀት እጁ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ሐኪሙ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ነፍሱስ ተርፋለች ብሏል።» ሸምሲያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «‹ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጡት› አለና ሳይጨርሰው ሄደ።»

ገድሉ ፌስታሉን አቀበላት። ጫማዋን አውጥታ አየችው፤ መታጠቡን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይኼኔ መቻል አቃተው።

«አንድ ጊዜ ውጭ ነይ» አላት።

ኮሪደሩ ላይ በግድግዳው ጥግ ቆሙ። አስታማሚዎች ፔርሙስና ብርድ ልብስ ይዘው ያልፋሉ።

«ሰምቼሻለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ጠዋት ስታንኳኪ።»

«እንዴ፣ አውቃለሁ እኮ፤ ጸሎት ላይ…»

«ጸሎት ላይ አልነበርሁም። ቆሜ አነብ ነበር እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም። ድምፅሽ የጭንቅ መሆኑንም አውቄያለሁ። ጮኼ ያነበብሁት እንድትሄጂልኝ ነው። ከሄድሽም በኋላ ቀኑ ያልደረሰውን የማክሰኞውን ጨመርሁ፤ በር ላለመክፈት።»

ሸምሲያ አልጮኸችም። ጫማውን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። 

«ስንት ጊዜ አንኳኳሁ?»

«አምስት ጊዜ።»

«እኔ አልቆጠርሁም» አለች።

ገድሉ ብትሰድበው በወደደ። አንገቱን ደፍቶ ስድቡን ጠበቀ። ስድቡ አልመጣም። የመጣው ከበሩ ላይ የአሮጊቷ ድምፅ ነው።

«አባቴ፣ ምን ያቆምዎታል? ይምጡ እንጂ! ለልጄ ዱዓ ያርጉለት። በሚያውቁት ቋንቋ ይሁን፤ አላህ የሁሉንም ይሰማል።»

ገድሉ ሸምሲያን አየ። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር፤ አሮጊቷ የማንን እጅ እንደ ሳሙ ባወቁ ነበር። ሸምሲያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አደረገች።

«ይግቡ» አለች። «እናት ናት የለመነችዎ።»

«ጋሼ» ግን አላለችውም።

ገባ። አልጋው አጠገብ ቆመ። እማማ ሙኒራ ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በአጠገቡ አልጋ ያሉት አስታማሚዎችም ወሬያቸውን አቋረጡ። በቃሉ የሚያውቃቸው መዝሙሮች ወደ አፉ መጡ፤ የቱንም ቢያነሣ ሳይደናቀፍ ይወጣለታል፤ ቤቱም ያዳምጠዋል። ይኼ አስፈራው። አንዱንም አላነሣም።

ነስረዲን በተገለጠ ዓይኑ ያየዋል። ገድሉ ጎንበስ አለ።

«ነስሩ» አለ። «እኔ ነኝ። ገድሉ ነኝ። እቤት ነበርሁ።»



የነስረዲን ግራ እጅ ከአንሶላው ላይ ተነሣ። ተንቀጥቅጦ፣ አቅጣጫውን ስቶ፣ በመጨረሻ የገድሉ ደረት ላይ አረፈ። ለመያዝ ይሁን ለመግፋት አልለየም። ገድሉ ንቅንቅ አላለም። ሸምሲያ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። አሮጊቷ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ፣ መዳፋቸውን እንደ ዘረጉ፣ የሚቀጥለውን ቃል ይጠብቃሉ።