ጉዳይ ቁጥር ሰባት

ስቴፕለሩ ባይነክስባት ኖሮ ወረቀቱን ገልብጣ አታየውም ነበር። ሠላሳ ሰባት ክላሰር ሞልታ ጨርሳለች። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ሽቦው ተጣመመና ልታስተካክለው ጎንበስ ስትል ዓይኗ አንድ መስመር ላይ ዐረፈ። «እናትየዋ ፍራሹን ጓሮ አስጥታ፣ ሰው እንዳያይባት በሰማያዊ ሸራ ትሸፍነዋለች» ይላል።

ሰማያዊ ሸራ ያለው ሰው ብዙ ነው አለች በልቧ። ቢሆንም ከላይ ጀምራ አነበበች።

ጉዳይ ቁጥር ሰባት። ሴት ልጅ፣ ዕድሜ አሥራ አራት። ከሁለት ዓመት በፊት የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ከእንቅልፏ ሳትነቃ ተሸክመው አወጧት። ከዚያ ወዲህ ሌሊት አልጋዋ ላይ ትሸናለች። ከእናቷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ትኖራለች። በትምህርቷ ጎበዝ ናት፤ የክፍሏ ልጆች ለጉዞ ሲሄዱ ግን ሆዴን አመመኝ ብላ ትቀራለች። ለማንም እንዳትናገርባት እናቷን አስምላታለች።

መሐላው እንኳ አልቀረም።

የነገውን ልምምድ ተጫዋቾች የታሪክ ካርድ በፖስታ አድርጋ ምሳ ሰዓት ላይ በየቤቱ እየዞረች ያደለችው እሷው ናት። ሰባት ቁጥር የደረሰው ለልብስ ሰፊዋ ልጅ ነው። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ደግሞ ከእሷ ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጣለች።

በዚህ ማሠልጠኛ ውስጥ አራት ዓመት በጽዳት ሠርታለች። ወደ ሌላ አገር ሄደው በእርዳታ ሥራ የሚሰማሩ ሰዎች እዚህ መጥተው ይሠለጥናሉ። በመግቢያው ግድግዳ ላይ የመጪዎቹ ወራት ሥልጠናዎች በቀለም በቀለም ተለጥፈዋል፦ የጸጥታ ጥንቃቄ፣ የመጀመሪያ ሕክምና፣ የሕፃናት ጥበቃ፣ የተጎዳን ሰው ማዳመጥ። በየሥልጠናው የመጨረሻ ቀን ልምምድ አለ። የሰፈሩ ሰው በቀን አበል ይጠራና ተረጂ ሆኖ ይጫወታል፤ ሠልጣኞቹ ደግሞ እየዞሩ ይጠይቁታል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ማን እንደሆነና ምን እንደደረሰበት የሚናገር ካርድ ይሰጠዋል። በሰፈሩ የታወቀ ቀልድ ነው፤ ከልምምድ የሚመለስ ሰው መንገድ ላይ ሲታይ «ዛሬስ ምን መታህ? ጎርፍ ነው ጦርነት?» ይባላል።

እሷም ትጫወት ነበር። ጎረቤቶቿ ወይዘሮ ቢሆንስ ይሏታል፤ ዝናብ ሲያካፋ ጎርፍ ቢሆንስ፣ ልጇ አሥር ደቂቃ ስትዘገይ መኪና ቢሆንስ ስለምትል ነው። ፊቷ ሳይጫወትም የተጨነቀ ስለሆነ የልምምዱ አስተባባሪ ይወዳታል። ባለፈው ክረምት የደረሳት ካርድ ጎርፍ ሁለት ላሞች የወሰደባት ሴት ይል ነበር። አንድ ጢማም ሠልጣኝ ፊቷ ተንበርክኮ እጇን ያዛት። ላሞቹ በሦስት ጥያቄ አለቁ። የማብቂያው ደወል ገና አልተደወለም፤ ከኋላው አሥራ አንድ ሰው ቆሞ ይጽፋል። የተጫዋቾች ሕግ ደግሞ አንድ ነው፤ ካርዱ ሲያልቅ ዝም አይባልም፣ ከራስ ተጨምሮ ይሞላል። ሰውየው «ሌሊት የሚያስጨንቅሽ ምንድን ነው?» አላት። እሷም ሞላች። ከየት ታምጣ? ካላት ሞላች።

ሰውየው አለቀሰ። ሌሎቹም ዓይናቸውን ጠረጉ። ማታ አዳራሹን ስትጠርግ የረጠበውን ሶፍት በመጥረጊያዋ ሰብስባ ጣለችው። በዚያን ዕለት ከሁሉ የሚያሳፍራት ግን ሌላ ነበር። ወደ ቤቷ ስትሄድ ቀልሏት ነበር።

አሁን ወረቀቱን ይዛ ወደ ትልቁ አዳራሽ ገባች። አስተባባሪው ለሠልጣኞች ከተገዛው ብስኩት እያነሳ ይበላል። በሰፈሩ ባለ ባጁ ይሉታል፤ መታወቂያውን ከአንገቱ አውልቆ ያየው የለም።

«ይቺ ወረቀት ከየት መጣች?» አለችው።

«የትኛዋ? እ፣ ሰባት!» ፊቱ በራ። «እሷማ የዓመቱ ምርጥ ናት እናቴ። ስብሰባ ላይ ስትነበብ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። በሚቀጥሉት ስድስት ሥልጠናዎች ውስጥ ገብታለች።»

«የእኔ ልጅ ናት።»

ማኘኩን አቆመ። ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ። መጥፎ ነገር ሁሉ አስቀድሞ የሚታያት ሴት ናት፤ ቀጥሎ የመጣውን ግን አላሰበችውም። ሰውየው ደስ አለው።

«እውነተኛ ናት ማለት ነው?»

እንዲያወጣላት ለመነችው። እሱም በትዕግሥት ያስረዳት ጀመር። ስም የለበትም፤ አገር አልተጠቀሰበትም፤ ደግሞ ይህ ጉዳይ የገባው የተረጂን ምሥጢር ስለመጠበቅ በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ልጅቷ ሳታውቀው ሌሎች ልጆችን እየጠቀመች ነው ሊባል ይችላል። ሲናገር የብስኩት ፍርፋሪ ከከንፈሩ ወረቀቱ ላይ ወደቀ። በጣቱ ጫን አድርጎ አነሳውና በላው።

«ሸራው አለበት» አለች። «እሳቱ አለበት። እኛ ሰፈር ይህን አንብቦ ማን እንደሆነች የማያውቅ የለም።»

ጥቂት አሰበና ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ።

«ሸራውን አረንጓዴ ብናደርገውስ?»

መልሷን ሳይጠብቅ ሰማያዊ የሚለውን ሰርዞ አረንጓዴ ብሎ ጻፈ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። መሳቢያውን ከፍቶ ቅጽ አወጣና ፊቷ አስቀመጠ። ታሪኩ እውነተኛ ከሆነ ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች የእናትየዋን የስምምነት ፊርማ መጠየቃቸው አይቀርም አላት። ቀኑን ያለፈው ክረምት ብታደርገው ለሁሉም ይቀላል። እስክሪብቶውንም ሰጣት፤ ከእጁ ሙቀት የተነሣ ላብ ነክቶታል። ያን ላብ በጣቶቿ መሐል ስታገኘው ምራቋ አፏን ሞላው።

ደፋር አይደለችም። እጄ ቆሻሻ ነው፣ ታጥቤ ልምጣ አለችና ወጣች። ሽንት ቤት ገብታ እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። ከዚያ በጓሮ በር ወጥታ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሮጠች።

በመንገድ ላይ ሁሉም ነገር ታያት። ነገ ልምምድ፤ ሰኞ ትምህርት ቤት፤ በእረፍት ሰዓት የሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ ጽሑፍ። ማክሰኞ ልጇ ሆዴን አመመኝ ትላለች። ረቡዕም። በሚቀጥለው ወር ደብተሯ አልጋ ሥር አቧራ ይለብሳል። ከዚያ በኋላ ያለውን እግሯን ቶሎ ቶሎ በማንሳት ዘለለችው።

የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ከመንገድ ይሰማል።

«ነይ ግቢ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ከመርፌው ዓይኗን ሳታነሳ። «ልጄን አርቲስት አደረጋችኋት። ከቀትር ጀምሮ እያለቀሰች የሰው ሱሪ ልኬት አሳሳተችኝ።»

ልጅቷ መስተዋቱ ፊት ቆማለች። ካርዱን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ወደ ጎን ጣል አድርጋለች።

«እትዬ፣ ይቺኛዋ ደስ ትለኛለች» አለች። «አምና የሰጣችሁኝ ፍየል የጠፋባት ነበረች። ለፍየል ማን ያለቅሳል?» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሳቀች፤ ክፋት የሌለበት የልጅ ሳቅ ነበር። «ግን እውነት በእኔ ዕድሜ አልጋዋ ላይ የምትሸና አለች?»

«ካርዱ ተሳስቷል» አለች እናትየዋ። ድምጿ ከሌላ ሰው ጉሮሮ የወጣ መሰላት። «ያንቺ አራት ቁጥር ነው። መልሺልኝ።»

«አራት ምንድን ነው?»

«ፍየል።»

«አልመልስም በቃ! እኔ ይህን ሸምድጄዋለሁ።» እየሳቀች ካርዱን ከጀርባዋ ደበቀች።

እናትየዋ ሳታስበው ተንደርድራ ክንዷን ያዘች። የልጅቷ ሳቅ ተቋረጠ። መኪናውም ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ካርዱን ከልጇ እጅ ቀማችና ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ያ መስኮት የሚያየው ወደ ጓሮ ነው፤ የሁለቱ ሴቶች ጓሮ ደግሞ በአንድ አጥር ብቻ ነው የሚለያየው። አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ አንድ ጊዜ ወደ ውጭ አየች። ካርዱን አራት ቦታ አጠፈችና ለእናትየዋ ሰጠቻት።

ልጅቷ ግን እናቷ ያየችበትን አቅጣጫ ተከትላ አየች። ከዚያ ክንዷን የያዘውን እጅ አየች። ቀስ ብሎ ፊቷ ተለወጠ። ገባት።

እናትየዋም ያኔ ገባት። ካርዱ እዚያው ቢቀር ልጅቷ ሁለት ቀን አልቅሳ ትረሳው ነበር። እየሮጠች መጥታ ካርዱን ልትቀማት በመሞከሯ ነው የነገረቻት።

ልብስ ሰፊዋ እስከ በሩ ሸኘቻት። ልጇን እንደምታስጠነቅቃት፣ በእግዜር ስም እንደምታስምላት ነገረቻት። ከዚያ ደግሞ ደጁ ላይ ቆማ ጣቷ ላይ የተጣበቀ ክር እየለቀመች ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እኔ አልዋሽሽም። የእኔዋ አፏን ብትይዝ እስከ ሰኞ ነው። ያንቺዋ ከሰው ከምትሰማው ዛሬውኑ ራስሽ ንገሪያት።»

ወደ ማሠልጠኛው ስትመለስ አስተባባሪው ሄዷል። ክላሰሮቹ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ቅጹ እንደተዘረጋ ነው፣ እስክሪብቶውም ላዩ ላይ ተጋድሟል። በየክላሰሩ ውስጥ ያንን አንድ ገጽ እየፈለገች ገነጠለች። ጊዜ ወሰደባት። የመጀመሪያዎቹን በጥንቃቄ፣ የኋለኞቹን በጥፍሯ። ሁሉንም የወለል መወልወያው ባልዲ ውስጥ ከተተችና እስኪሟሟ ድረስ በእጀታው ደቆሰችው። ግራጫ ገንፎ መሰለ። እንዲህ አድርጋው እንኳ ሰባት ቁጥር ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዳለች ታውቃለች። ነገ ጠዋት በአምስት ደቂቃ አርባ ቅጂ ይወጣል። ምናልባት እሷንም ያባርሯታል። ባልዲውን ደፋችና ታጠበች፤ እጇ ግን እስክሪብቶውን የያዘ ያህል አሁንም ይቀፋታል። ቅጹን አልነካችውም።

ወደ ቤት ስትሄድ የምትለውን አዘጋጀች። ቢሮ ውስጥ አንድ ሌባ ሰው አለ ትላለች። የሰውን ጓሮ በመስኮት እያየ ይጽፋል፤ ስንቱን ሰው እንደዚህ አድርጓል። ግማሹ እውነት ነው። ይህን ደጋግማ ስትለው እየተስተካከለ መጣ፣ ካርድ እንደመሸምደድ። ልጅቷ ትናደዳለች፤ ሁለቱም አብረው ይናደዳሉ። ቤታቸው በር ላይ ስትደርስ አንድም ቃል ሳይጎድል ታውቀው ነበር።

ልጇ የሒሳብ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ፍራሿ ላይ ተቀምጣለች። ቀና አለች።

«ዛሬስ ምን መታሽ እማ? ጎርፍ ነው ጦርነት?»

እናትየዋ ጫማዋን አላወለቀችም። መሬቱ ላይ፣ ከልጇ ፊት ለፊት ቁጭ አለች። አሁን የሌባው ታሪክ መጀመር ነበረበት። ልጇን አየቻት፤ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታለች፣ እየሳቀች መልስ ትጠብቃለች። አንድ ሰው ፊቷ ተንበርክኮ እጇን የያዘበት ሰዓት ትዝ አላት።

«ያስማልሽኝን ነገር ተናገርኩት» አለች።

«የቱን?»

«የሌሊቱን። ሌላ ማንም አይደለም፤ እኔ ነኝ የተናገርኩት። ባለፈው ክረምት፣ ልምምድ ላይ። እነሱ ጻፉት። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ዛሬ አወቀች፤ እሷም በእኔ ጥፋት ነው ያወቀችው።»

ልጅቷ ደብተሩን ዘጋች። ፊቷ ላይ ምን እንዳለ ማወቅ አልተቻለም። እናትየዋ የሚመጣውን ሁሉ ጠበቀች፤ ጩኸቱን፣ ለቅሶውን፣ ከቤት ሮጦ መውጣቱን። ቢሆንስ ስትል የኖረችበት ነገር በሙሉ በአንድ ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ነበር። ከውጭ የሆነ ሰው እያስነጠሰ በደጃቸው አለፈ።

«ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «ምንም ሳታስቀሪ። ግን መጀመሪያ በሩን ቆልፊው።»

ተነሥታ ቆለፈችው።