ሥር ወደ እግር

ዱቤን ደክሞታል። ድካሙ የሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተኝቶ ይነሣ ነበር፤ የእሱ ግን አጥንቱ ድረስ ገብቷል። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የነቀምቴን አጥር ሁሉ ቀይ ሲቀባ ከርሞ፣ አሁን ደግሞ የገዛ አማቱን የሬሣ ሣጥን ሊቀባ ተቀመጠ።

አማቱ ኦቦ ባቻ ዕድሜ ልካቸውን አናጺ ነበሩ። ለራሳቸው ሣጥን የሚሆን የዋንዛ ሳንቃ፣ እሳቸው በኦሮምኛ ወዴሳ የሚሉትን፣ ሃያ ዓመት ጣሪያ ሥር አድርቀው አኑረው ነበር። አርጆ ወንድማቸው ዘንድ ታመው በተኙበት ሰሞን ቀበሌ መጥቶ ለበዓሉ መድረክ ወሰደው። ማን ይጠይቃል?

ሽማግሌው እየባሰባቸው ወደ ቤት ሲመለሱ፣ "ሣጥኔን ሠርታችሁ አሳዩኝ" አሉ።

"ብንነግራቸውም ይሞታሉ፣ ባንነግራቸውም ይሞታሉ" አለች ልጃቸው ድርቤ፣ የዱቤ ሚስት። "ሁለት ሞት ግን አይሙቱብኝ።"

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ከጉቴ የባሕር ዛፍ ጣውላ መጣ። ሣጥኑ ተሠራ፤ ዋንዛ ማስመሰሉ የዱቤ ፋንታ ሆነ። መጀመሪያ ፈዘዝ ያለ ቡኒ ቀባ። ሲደርቅ ጠቆር ያለውን በአኳራጅ አቅጥኖ ደረበበት፤ ሳይደርቅ ጥርሱ በተሸራረፈ ሚዶ እየጎተተ የእንጨቱን መስመር አወጣ፤ በዶሮ ላባ አለዘበው። ቅርንጫፍ የበቀለበትን ዐይን በአውራ ጣቱ አዞረ፣ መስመሩንም ውኃ ድንጋይ እንደሚዞር በዙሪያው አሳለፈው። አምስት ቀን ፈጀበት። በስድስተኛው ቀን ራሱም ሊያምነው ምንም አልቀረው።

ባቻ ልጃቸውን ተደግፈው ወጡ። መዳፋቸውን ከራስጌ እስከ ግርጌ አሳለፉበት፤ በጣታቸው አንኳኩት። ዐይኑ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ።

"ወዴሳ ነው?" አሉ።

"ወዴሳ ነው፣ አባ" አለ ዱቤ።

"ሣጥን ሲሠራ የዛፉ ሥር በየት በኩል ይሆናል ብዬህ ነበር?"

"ወደ እግር፣ አባ። ሰው ዛፉ እንደቆመው ሆኖ ይሂድ ይሉ ነበር።"

"ታዲያ ይኼ ተዘቅዝቋል። ቅርንጫፉ ወደ ታች ነው የበቀለው።"

ዱቤ አየው። እውነታቸውን ነው። የዛለ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። አፈረ፣ ያሳፈረው ግን ውሸቱ ይሁን ስሕተቱ እሱም አልለየውም። ድርቤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወደ ቤት አዘገሙ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ግን ቆም አሉ።

"ልጄ፣" አሉት፣ "ቀለም ተርፎሃል?"