ከጠርዙ የጀመረው ቅጠል

ሽማግሌው ግንበኛ ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ማጠራቀሚያ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። የሠራው ገንዳ አፍስሶ አያውቅም፤ ስለዚህ ሰፈሩ «ጠብ አይልም» ይለዋል። ስሙን የናቀ ይመስላል እንጂ ሲጠራበት አንገቱ ቀና ይል ነበር።

አንድያ ልጁ ታሞ ሳለ፣ ቀይ አበባ የሚያወጣ የጌጥ ዛፍ ገዝቶ መስኮቱ ሥር አስቀምጦ ነበር። «ሲሻለኝ እተክለዋለሁ» ይል ነበር። አልተሻለውም። ሐዘኑ ሲበርድ ሽማግሌው ራሱ ተከለው። የቆፈረውም እንደሚያውቀው ነው፤ ጉድጓዱን አራት ማዕዘን አወጣ፣ ወለሉን ደለደለ፣ ወለሉንም ጎኑንም በሲሚንቶ ለሰነ።

ሚስቱ አየችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዛፍ ልትተክል ነው ወይስ ሰው ልታጥብበት?» አለችው።

«ውሃው ወዲያ ወዲህ አይባክንም። የልጄ ዛፍ አይጠማም።»

ቤቱ ውስጥ ከእነሱ ሌላ የሟቹ ሚስትና ትንሽ ልጇ አሉ። ምራቲቱን ወንድሟ «እኔ ዘንድ ነይ» እያለ ይወተውታታል፤ እሷ ግን ልጄን ከአያቶቿ አልለይም ብላ ቀርታለች። ሽማግሌው ለማንም ያልተናገረው አንድ ነገር በልቡ ነበረው። ዛፉ ከያዘ እነሱም ይቆያሉ።

መጀመሪያ ላይ ዛፉ አማረበት። ኋላ የታችኞቹ ቅጠሎች ወየቡ፤ ጠርዛቸው እሳት እንደላሰው ወረቀት ጠየመ። ሽማግሌው እየገለበጠ ተባይ ፈለገ፤ የለም። ድር ፈለገ፤ የለም። ቅጠሉ ፀሐይ ሳይወጣ ጀምሮ አንገቱን ደፍቶ ይውላል። ጠምቶት ነው ብሎ ባልዲውን ጨመረ።

ባሰበት። ጥቂት ቅጠል በጥሶ ወደ ችግኝ ሻጩ ሄደ። ሻጩ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንስቶ አየ፤ በጣቱ አሸት አድርጎ አሸተተ።

«የተጀመረው ከአሮጌው ቅጠል ነው ከአዲሱ፣ አባቴ?»

«ከአሮጌው። ከጠርዙ።»

«እንግዲህ ጥማት ይሆናል። ወይ ጨው፣ ወይ የሳሙና ውሃ ነክቶት ይሆናል። ወይ ደግሞ ሥሩ ታፍኗል። ሐኪም ምላስ አውጣ ይላል፤ እኔ ሥር አውጣ እላለሁ። ቆፍረው ይዩት።»

«የኔን ጉድጓድ?» አለ ሽማግሌው።

ሻጩ ሳቀ። «እርስዎ ጠብ አይልም አይደሉ? እርስዎንማ ማን ይጠረጥራል!»

ሻጩ ሦስት ነገር ነገረው፤ ሽማግሌው አንዷን ይዞ ተመለሰ። ሳሙና። ምራቲቱ ልብስ የምታጥበው ከዛፉ አጠገብ ነዋ።

ግቢ ሲገባ እሷ ዛፉ ሥር ቁጢጥ ብላ ነበር። እጇ በጭቃ ተለውሷል። አይታው ብድግ አለች።

«አባባ፣ ስለ ዛፉ አንድ ነገር ልነግርዎት...»

«ምኑን ትነግሪኛለሽ? የሳሙናሽን እጣቢ የምትደፊው የት ነው?»

«ከበር ውጭ፣ ቦዩ ውስጥ ነው አባባ። እዚህ ደፍቼ አላውቅም።»

«ልጄን ቀበርሽ፤ የቀረኝን ዛፍ ደግሞ ልትቀብሪ ነው?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሚስቱ ከውስጥ «ኧረ በስመአብ በል!» ብላ ጮኸች። ምራቲቱ እጇን ታጠበች፤ የታጠበችበትን ውሃ ተሸክማ ከበር ውጭ ደፋችው። በማግስቱ ወንድሟ መጥቶ ሻንጣዋን ተሸከመላት። ትንሿ ልጅ ሽርሽር የምትሄድ መስሏት ለአያቷ እጇን እያወዛወዘች ወጣች።

ከዚያ በኋላ በዚያ ግቢ ልብስ ያጠበ የለም። ሽማግሌው ሳሙናው ይታጠብ ብሎ ጠዋት ጠዋት በላይ በላዩ ውሃ አፈሰሰበት። ቅጠሉ ግን መርገፉን አልተወም። የላይኞቹም ተከተሉ። ሳሙናው ከሄደ ምን እየገደለው ነው? ጥያቄው እንደ እሾህ ወጋው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ፤ አልሆነለትም። ድጅኖውን አነሳ።

አንድ ክንድ ሳይቆፍር ውሃ አገኘ። የቆመ ውሃ፣ እንደ ከረመ እንቁላል የሚሸት። ሥሩን ሲጎትት ልጡ እንደ እርጥብ ክር ተገፎ እጁ ላይ ቀረ። ውስጡ ጠቁሯል።

ሚስቱ አጠገቡ ቆማ አየች። «ቀትር ላይ እኔም አጠጣው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እሷም ማታ ማታ። ላንተ ግን ውሃው በዛ ብሎ ማን ደፍሮ ይነግርሃል?»

ሽማግሌው የለሰነውን ግድግዳ በመዳፉ ዳበሰ። ስንጥቅ የለውም። እንደ ሁልጊዜው ጥሩ ሥራ ነበር።

ሥሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደ። ምራቲቱ በሩን ከፈተች። «አባባ፣ ይግቡ» አለች። አልገባም። ጨርቁን ፈታው።

«ሳሙና አልነበረም።»

«አውቃለሁ።»

«ጉድጓዱ ነው። የኔ ጉድጓድ።»

«እሱንም አውቅ ነበር። ጣቴን ብሰድ ውሃው ተኝቷል። ልነግርዎት ስነሳ ነው ያን ያሉኝ።»

ሽማግሌው ሥሩን ዘረጋላት። «ነይ እንግዲህ፤ ወደ ቤትሽ።»

ሥሩን ከእጁ ተቀብላ ትንሽ አየችው፤ መልሳ ጠቀለለችለት። ከውስጥ የልጅቱ ሳቅ ይሰማል። ምራቲቱ አልጠራቻትም።

«እማማን ሳሙልኝ» አለች። በሩን በቀስታ ዘጋችው።

ግቢ ሲደርስ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም። ዛፉን ነቅሎ ወደ ጎን አጋደመውና የጉድጓዱን ወለል በድጅኖ ይመታ ጀመር። ሲሚንቶው ጠንካራ ነው፤ ቶሎ አልሰጠውም። ሚስቱ በልጁ መስኮት ብቅ አለች።

«ምን አለችህ?»

ሽማግሌው መታ፤ ደግሞ መታ። ወለሉ ተሰነጠቀ፤ የቆመው ውሃ እየተንቆረቆረ ወደ ታች ሰረገ።

«ሳሙልኝ ብላለች» አለ።

ሚስቱ መስኮቱን ዘጋች። እሱ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ መምታቱን ቀጠለ።