ሙኒያ ያልመለሰችበት ጠዋት

ሃያ ሁለት ዓመት ጠመኔ ስበላ ኖርኩ። ደሞዙ አልበቃ ሲለኝ ለሠርግ ግጥም ጻፍኩ። በስተርጅና ደግሞ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ተባልኩ። ጋዜጠኛ ማለት እንኳ ማጋነን ነው፤ ጠዋት ጠዋት የሐዘን ማስታወቂያ አነባለሁ።

ጥፋቱ የመምህርነቴ ነው። የሟች ስም ባነበብኩ ቁጥር፣ ክፍል ውስጥ ስም እንደምጠራ ሁሉ ቆም እላለሁ። የለመደ ምላስ ምን ይደረግ? አምና አንድ ቀን ቆም ስል፣ ከጆሮ ማዳመጫው ውስጥ "አቤት" የሚል ድምፅ መጣ። ቴክኒሻናችንን ሃሺን ተቆጣሁት።

"አቦ መምህር፣ እኔ ምን አደረግኩ?" አለኝ።

በማግስቱ ሦስት ሟች ጠራሁ። ሦስቱም "አቤት" አሉ። ላብ አጠመቀኝ። ግን እንጀራ ነውና ዋጥ አድርጌ ቀጠልኩ፤ ሰው የማይለምደው የለም። ዓመት ሙሉ ሳይመልስ የቀረ አንድም ሟች አልነበረም።

ባለፈው ማክሰኞ "ሙኒያ በድሩ" ብዬ አነበብኩ። ታይዋን ገበያ ውስጥ ጫማ የምትሸጥ፣ ሰባተኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ናት። ሌሊት በትኩሳት አርፋ ቀብሯ ረፋዱ ላይ ነው ይላል ወረቀቱ። ቆም አልኩ። ዝም። ደግሜ ጠራኋት። አሁንም ዝም።

ይህቺ ልጅ አልሞተችም።

ከስቱዲዮ ወጥቼ ወንድሟ ሉቅማን ጋ ደወልኩ። "ቀብሩን አቆዩት" አልኩት። "ስሟን ስጠራ አልመለሰችም። የሞተ ሰው ሲጠራ ይመልሳል። እህትህ በሕይወት አለች።"

"መምህር፣ እህቴ ሞታብኛለች። ግጥምህን ለሠርግ አቆየው" ብሎ ዘጋው።

አልፈርድበትም። ገጣሚ ቤት ተቃጠለ ቢል ማን ውሃ ይዞ ይሮጣል? ባጃጅ ይዤ ወደ መቃብሩ በረርኩ። ስደርስ አፈሩ ተመልሶ ሰዉ እጁን እያራገፈ ነው።

"አውጧት" አልኩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ተንበርክኬ አፈሩን በጥፍሬ መቧጠጥ ጀመርኩ። ሉቅማን ከኋላ ጎትቶ አነሳኝ።

"ሙኒያ" ብዬ ተጣራሁ።

"አቤት፣ መምህር" አለችኝ።

ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አልነበረም። ሌላ ማንም አልሰማም። ጠዋት ዝም ያለችው ነፍሷ ስላልወጣች ነበር፤ አሁን ግን ወጥታለች። እዚያው አፈሩ ስር።

"ተዉኝ፣ በቃ" አልኳቸው። ሁሉም እንዳበደ ሰው አዩኝ፤ ደስ ይበላቸው።

ሐዘን ቤት ስገባ እናቷ ፋዱማ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ሉቅማን የስልኩን ነገር ነግሯት ኖሯል። እጄን ይዛ በስሜ ጠራችኝ።

"ክፍሌ፣ ጠዋት ጠርተሃት አልመለሰችም አሉኝ። እውነት ነው?"

አስተማሪ ሆኜ ውሸታም ተማሪ ገርፌያለሁ። ጋዜጠኛ ሆኜ ያላጣራሁትን አላወራሁም። ዓይኗን ማየት ግን አቃተኝ።

"መልሳለች፣ ፋዱማ። ገና ስጠራት ነው የመለሰችው። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።"

"አልሃምዱሊላህ" ብላ፣ የልጇ መቃብር አፈር ከጥፍሩ ያልወጣውን እጄን ሳመችው።