ግራጫ ቁጥር በነጭ ላይ

ጋሼ ሠንጠረዥ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ናቸው። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ኋላ ግን ስሙ ስለጸና ትክክለኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ጠፋ። ሥራቸው ከየሰፈሩ የሚመጣውን የቧንቧ ስብራትና የነዋሪ አቤቱታ ሰብስቦ በኮምፒውተር አንድ ገጽ ላይ ማሳየት ነው። ሰፈሮቹን በረድፍ ያወርዳሉ፣ ወሮቹን በዓምድ ይዘረጋሉ፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ የተሰበረው ቧንቧ ቁጥር ይቀመጣል። ሌላው ሰው ክሮስታብ ሲለው እሳቸው መስቀለኛ ሠንጠረዥ ይሉታል።

“ረድፍና ዓምድ እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ ለየብቻ ሲሆኑ ዝም ይላሉ፣ ሲገናኙ ነው ጉዱ የሚወጣው” ይሉ ነበር።

ይህን ሥራ ያስተማሩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ልጁ ወላጆቹ ሞተው አክስቱ ቤት ያደገ፣ ትምህርቱን እንደጨረሰ ወደ ቢሮው የመጣ ነበር። ጣቶቹ ኪቦርድ ላይ ስለሚበሩ ፈጣኑ አሉት። ጋሼ ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጡት። ድምር የት እንደሚቀመጥ፣ ቁጥር ለምን ወደ ቀኝ ጥግ እንደሚጠጋ፣ ሠንጠረዥ ወደ ኤክሴል ሲወጣ ቀለሙ ሁሉ ተገፎ ባዶውን እንደሚቀር እያሳዩ አስተማሩት። ምሳ ቤታቸው ይዘውት ይሄዱ ጀመር። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታ ነበርና ቤቱ ውስጥ ያሉት እሳቸውና መምህርት የሆነችው አንዲት ልጃቸው ብቻ ነበሩ። ምሳው እየተደጋገመ ሄዶ ፈጣኑ ልጃቸውን አገባ። ጋሼ ቤቱ ለሦስት ይበቃል ብለው ሌላ ቤት እንዳይከራዩ ከለከሉ። አማቻቸው ከሆነ በኋላም እንደ ድሮው “አንተ” እና “ልጄ” ይሉት ነበር።

ዓይናቸው መድከም የጀመረው ቀስ እያለ ነው። በመጀመሪያ ፊደሉን አተለቁ። ቀጥሎ ቀጫጭን መስመሮቹን ትተው ወፍራም ጥቁር አደረጉ። ውሎ አድሮ አንድ ቀን ለፈጣኑ ሞኒተሩ ላይ ጭስ የተነፋበት እንደሚመስላቸው ነገሩት፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማም አደራ አሉት። ከዚያ ወዲህ ሠንጠረዡን እሳቸው ይሠራሉ፣ የመጨረሻውን እይታ እሱ ያያል። ልጃቸው ሐኪም ቤት ካልሄድን ብላ ነጋ ጠባ ትጨቀጭቃለች። እሳቸውም ፈቃድ ሊጠይቁ ወስነው ነበር።

የከለከላቸው ፈጣኑ ነው። ዓመታዊው ሪፖርት እስኪያልፍ ይታገሡ፣ አሁን ፈቃድ ከጠየቁ ወንበርዎ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ያገኛሉ አላቸው። ምክሩ ከልጅ የመጣ ስለመሰላቸው ተቀበሉት። እሱ ግን ያን ጊዜ የመረጃ ክፍሉ ሁለት መደብ፣ የእሱና የጋሼ፣ ወደ አንድ እንደሚታጠፍ ከሰማ ሰንብቷል።

መደቡን የሚያጥፈው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ነው። የማይጮኽ፣ ሰው ሲያነጋግር እንደ ታማሚ ጠያቂ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነበር። ሪፖርቱ ሊቀርብ ሲቃረብ ፈጣኑን ወደ ቢሮው ጠርቶ በር ዘጋ። ሪፖርቱን የሚያቀርቡት ሽማግሌው እንዲሆኑ እንደሚፈልግ፣ ከሁለቱ ማን እንደሚቀርም ቦርዱ በዓይኑ አይቶ እንደሚፈርድ ነገረው።

“አማትህ ናቸው አሉ” አለው ቀጥሎ። “ከከበደህ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።”

“አይከብደኝም” አለ ፈጣኑ።

ለሚስቱም ለጋሼም ትንፍሽ አላለም።

በስብሰባው ጠዋት ጋሼ ሠንጠረዡን ጨርሰው መጡ። ብዙ ስብራት ያለበትን ሰፈር ከላይ፣ ትንሹን ከታች አድርገው ደርድረውታል። ፊደሉ ትልቅ፣ ቀለሙ ድፍን ጥቁር ነው። በመሐል ግር ቢላቸው እንዳይደናገጡ የላይኞቹን ረድፎች በቃላቸው ይዘዋል። “ልጄ፣ አንዴ እይልኝ” ብለውት ከረባታቸውን ሊያስሩ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄዱ።

ፈጣኑ ፋይሉን ከፈተ። የፊደሉን መጠን አሳነሰ። ጥቁሩን ቀለም ወደ ግራጫ፣ ከግራጫውም ወደ ሳሳው ግራጫ ወሰደው። በረድፎቹ መሐል የነበረውን መስመር አጠፋ። ዓምዶቹን አጣበቀ። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎት ድርድሩን ለወጠው፤ ከብዙ ወደ ትንሽ የነበረውን በፊደል ተራ አደረገውና የሽማግሌው የቃል ጥናት ገደል ገባ። ከቁጥሮቹ ግን አንዱንም አልነካም። ፋይሉን ሲዘጋ በዚህ ተጽናና፤ ሐሰት አልሠራሁም አለ በልቡ። ጋሼ ከረባታቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ተመለሱ። እሱ አቀናላቸው።

አዳራሹ ውስጥ የቦርዱ አባላት ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ ጸሐፊዋ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ጋሼ ሰላምታ ሰጥተው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ነጭ ነገር እንጂ ሌላ አልታያቸውም።

“ፕሮጀክተሩ አልበራም መሰለኝ” አሉ።

“በርቷል፣ ጋሼ” አለ ሥራ አስኪያጁ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ። አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው።

ጋሼ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። በተጠጉ ቁጥር የገዛ ጥላቸው ሠንጠረዡ ላይ እየወደቀ ያችኑ ትንሽ ነገር ጋረደባቸው። ላብ አንገታቸው ላይ ወረደ። ሥራ አስኪያጁ ዘንድሮ ቧንቧ በብዛት የተሰበረው የት እንደሆነ ጠየቃቸው። ይህንን ያውቁታል፤ ጣታቸውን የመጀመሪያው ረድፍ መሆን ያለበት ቦታ ላይ አሳርፈው፣ “የገበያው ሰፈር፣ ይኸው እዚህ ላይ” አሉ በልበ ሙሉነት።

“ጣትዎ ያረፈው እኮ የአትክልት ቦታው ላይ ነው” አለ ከቦርዱ አንዱ። “ዓመቱን ሙሉ ምንም ያልተሰበረበት!”

አሁን ሳቁን የሸፈነ የለም። ጋሼ ጣታቸውን ወደ ታች፣ ቀጥሎ ወደ ጎን አንቀሳቀሱ። በዳበሳ የሚፈልጉት ነገር እንዳለ ግልጽ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እጁን ከጠረጴዛው በላይ አነሳ።

“ጋሼ፣ ስንት ጣት ነው ያነሳሁት?”

ሽማግሌው ወደ ድምፁ ዞረው ዓይናቸውን አጠበቡ። ቆይተው፣ “ሦስት” አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ያነሳው የተጨበጠ እጁን ነበር። እጁን ለግራም ለቀኝም አሳይቶ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። የሳቀውም ያልሳቀውም ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ። “በሉ፣ ልጅዎ ይቀጥልልን” አለ።

ፈጣኑ ተነስቶ ጋሼን በትከሻቸው ይዞ ገለል አደረጋቸውና ማንበብ ጀመረ። ግራጫው አላስቸገረውም፤ የት ምን እንዳለ ያውቃል። ከየሰፈሩ ወደ ድምሩ፣ ከድምሩ ወደ ወሮቹ እየተሸጋገረ እንደ ውሃ ወረደ። ቦርዱ ፋይሉን በጠየቀ ጊዜም እዚያው ፊታቸው ወደ ኤክሴል አውጥቶ ላከላቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን ጋሼ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ወንበር የት እንዳለ አያዩም፤ ይቀመጡ ያላቸውም የለም። ፈጣኑ በማንበቡ መሐል ሁለቴ ዞሮ አያቸው። ማንበቡን አላቆመም።

የጡረታ ደብዳቤው ብዙም አልዘገየም፤ የቀረው አንድ መደብም ከነኃላፊነቱ የፈጣኑ ሆነ። ቤት ውስጥ ፈጣኑ ለሚስቱ ዓይናቸው በሰው ፊት እንደከዳቸው፣ እሱም የቻለውን እንዳደረገ ነገራት። አለቀሰች፤ አባቴን ከሰው አፍ ስላወጣህልኝ ብላም አመሰገነችው። ከሁሉ የባሰው ጋሼ ራሳቸው እራት ላይ፣ ልጄ ደርሶ ባያነሳኝ ኖሮ እዚያው ወድቄ እቀር ነበር ማለታቸው ነው። ፈጣኑ አንገቱን ደፍቶ ጎረሰ።

ሐኪም ቤት የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። የቀኙ ዓይን ሞራ ነበረበትና ተገፈፈ፤ ማየት ጀመሩ። የግራው ግን ግፊት ኖሮበት ውስጡ ሞቷል። ሐኪሙ ጥቂት ወራት ቀድመው ቢመጡ ኖሮ ይተርፍ ነበር አላቸው። ጋሼ የሆነው ሆኗል ብለው ተነሡ፤ ልጃቸው መንገዱን ሙሉ ክንዳቸውን አልለቀቀችም።

ጸሐፊዋ ልትጠይቃቸው የመጣች ዕለት ጋሼ በአንድ ዓይናቸው ጋዜጣ ያነቡ ነበር። ስታያቸው ደስ አላት። ስለ ቢሮው አወጋቻቸው፣ ማን እንደተዛወረና ማን እንደተጣላ። ወሬ ወሬን ሲያነሣ ያን ቀን ላይ ደረሰች።

“ደግሞ እርስዎ ላይ ብቻ ተሳቀ እንጂ” አለች፣ “እኛም ጤነኛ ዓይን ይዘን አላነበብነውም። ጋሼ ጥቁር ነበር የሚወዱት፣ ዛሬ ምን ነካቸው ብዬ ነበር።”

“ምን ዓይነት ነበር?” አሉ ጋሼ ጋዜጣውን እያጠፉ።

“ግራጫ ነዋ! አመድ የመሰለ። ፊደሉም ጉንዳን አክሎ። እርስዎ አይደሉ እንዴ የሠሩት?”

ጋሼ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ አሏት። ልጃቸው ሌላ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሰምታለች።

ፈጣኑ ማታ ሲገባ ሁለቱ ሳሎን ተቀምጠው አገኛቸው። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ጋሼ ሳይቆጡ ቀለሙን የለወጠው ማን እንደሆነ ጠየቁት። ሶፍትዌሩ አንዳንዴ በራሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል ብሎ ጀመረ።

“ሶፍትዌሩን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ” አሉት።

ፈጣኑ፣ ከቁጥሩ አንዱንም አልነካሁም አለ።

“እሱንስ አውቃለሁ። ሪፖርቱ እስኪያልፍ ይታገሡ ያልከኝስ? ያ ምክር ለኔ ነበር ወይስ ለዚያ ቀን?”

 ሚስቱ እስከዚያ ድረስ እጇን እጇን እያየች ነበር። ቀና ብላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ አባቴ ግድግዳውን ተደግፈው ሲቆሙ አይተሃቸው ነበር ወይ አለችው። አይቻቸዋለሁ አለ። ለምን እንዳልዋሸ እሱም አያውቅም። ደክሞት ይሆናል። እሷ ተነሥታ ፍራሿን ወደ አባቷ መኝታ ክፍል ወሰደች።

ጋሼ ከቤት አላስወጡትም። ጎረቤት እንዳይሰማ ነው ብሎ አሰበና ትንሽ ቀለል አለው። ጠዋት ግን ቁርስ ላይ ሳሉ ወደ እሱ ዞረው፣ “ዳቦውን ያቀብሉኝ” አሉት። መጀመሪያ ሚስቱን ያናገሯት መሰለው፤ ለእሷ ግን “አንቺ” ነው የሚሏት። ቀጥለውም፣ “ሥራ እንዳይረፍድብዎ” አሉት። እንደ ባንክ ቤት ሰው፣ እንደ መንገድ ሰው አናገሩት። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ሲበዛበት እግራቸው ሥር ወድቆ እንዲሰድቡት፣ ከፈለጉም እንዲመቱት ለመናቸው።

“ይነሡ እንጂ” አሉት። “ኃላፊ ሰው መሬት ላይ አይወድቅም።”

ቢሮ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ግራጫው የማን እጅ እንደሆነ ያን ዕለት ገብቶት እንደነበር፣ እንዲህ ያለ ሰው ግን በየቦታው እንደማይገኝ ፈገግ ብሎ ነገረው። ብዙም ሳይቆይ የአስተዳደር ሠራተኞችን ሠንጠረዥ እንዲሠራለት አዘዘው፤ ሰዎቹ በረድፍ፣ የሚሠሩት ሥራ በዓምድ፣ የማያስፈልግ ሰው በቀይ። ፈጣኑ ረድፎቹን አወረደ፣ ዓምዶቹን ዘረጋ። የጸሐፊዋ ረድፍ ላይ ሲደርስ ብዙ አላሰበም። በቀይ ቀባው። ስትሰናበት ማን እንዳደረገው አላወቀችም፤ እየዞረች ሁሉንም ስትስም እሱንም ጉንጩን ሳመችው።

ያን ዕለት ቤት ሲገባ እራቱ ጠረጴዛው ላይ ተከድኖ ጠበቀው። ከጋሼ ክፍል ሳቅ ይሰማ ነበር። ሚስቱ የተማሪዎቿን ወረቀት እያነበበችላቸው ሁለቱም በልጆቹ መልስ ይንከተከታሉ። እንዲህ ሲስቁ ከሰማቸው ቆይቷል። ሳህኑን ትቶ ሄደና በሩን ገፋ አደረገው። ሳቁ ተቋረጠ። ሚስቱ ወረቀቱን አጥፋ ጭኗ ላይ አኖረች።

“ምን ፈልገው ነው?” አሉት ጋሼ።

“ምንም።”

“እንግዲያው በሩን ይዝጉልን” አሉት።

ዘጋው።