ኮንቨርተሩና እማማ ደስታነሽ

ሐኪሙ ለእማማ ደስታነሽ የነገራቸውን ራሳቸው በባጃጅ መጥተው ነገሩኝ። አንገታቸው ላይ ያደገው እንቅርት ካልወጣ ትንፋሻቸውን ይዘጋዋል። ከወጣ ደግሞ የድምፅ ነርቭ ላይ ስለተኛ፣ ድምፃቸው ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። ቀጠሮው ከስድስት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ነው።

"ስለዚህ በኃይሉ፣ ያቺን መዝሙር ቅዳልኝ" አሉኝ። "የልጅ ልጆቼ አያታችን እንዲህ ትዘምር ነበር ይበሉ። ሌላ የምተውላቸው ነገር የለኝም።"

ያቺ መዝሙር ራሳቸው በሲዳምኛ የደረሷት ናት። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር ትዘመራለች፤ ሕፃን ሳይቀር ያውቃታል። አራተኛው አንቀጽ ላይ "ማጋኖ" ብለው ፈጣሪን ሲጠሩ ግን ድምፃቸውን ከታች አንስተው ወደ ላይ የሚሰዱበት መንገድ አለ፤ እሱን ከእሳቸው በቀር የቻለበት የለም። እኔ እሳቸው በሚመሩት መዘምራን ውስጥ ነው ያደግኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ሞክሬ አልወጣልኝም።

የኔ ስቱዲዮ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ በተከራየነው ቤት የእንግዳ ክፍል ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ፍራሽና ብርድ ልብስ ስለሰቀልኩበት ባለቤቴ ሙሉ "የፍራሽ መጋዘን" ትለዋለች። አንድ ጥሩ ማይክ፣ አንድ ኮምፒውተርና ብዙ ትዕቢት ነበረኝ። ያልነበረኝ ደህና ኮንቨርተር ነው። ኮንቨርተር የማይኩን ድምፅ ኮምፒውተር ወደሚገባው ቁጥር የሚቀይር ዕቃ ነው። እስከዚያ ጊዜ የምሠራው ኮምፒውተሩ ውስጥ በነበረው ካርድ ነበር፤ እሱ ደግሞ ማንም ሳይናገር እንኳ ሽሽሽ ይላል። ለወጣት መዘምራን ከበሮና ኪቦርድ ስለሚደረብበት አይታወቅም። እማማ ደስታነሽ ግን ያለ ምንም መሣሪያ ብቻቸውን ነው የሚዘምሩት።

ወንድሜ ካሳሁን ልብስ ሊያመጣ ዱባይ ይመላለሳል። ደወልኩለት። በሦስተኛው ቀን ከሱቅ ውስጥ መልሶ ደወለና "ሁለት ዓይነት አለ፤ ዋጋቸው አንድ ነው" አለኝ። "አንዱ ስምንት ማይክ ይቀበላል፣ ፊቱ በመብራት ያሸበረቀ ነው። ሌላው ሁለት ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ትንሽዬ ጥቁር ሳጥን ናት። ሰውየው ትንሿ ጸጥ ያለች ናት ይላል። የቱን ላምጣ?"

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ስምንቱ ላይ ነበር። ደንበኛ ገብቶ ያንን ሁሉ መብራት ሲያይ እኮ ያከብርሃል! ከተማችን መሀል ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ የሁለቱንም መግለጫ ወረቀት አሳትሜ መጣሁ፤ ሳነብ አመሸሁ። ትንሿ በዝምታዋ በጣም ትበልጣለች። እንዲያም ሆኖ ስምንቱን ልል ነበር። ባለቤቴ ሙሉ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ቀና ሳትል "ለመሆኑ እማማ ደስታነሽ ስንት አፍ አላቸው?" አለችኝ።

ተናደድኩ። ተናድጄ ደወልኩና "ትንሿን አምጣ" አልኩት።

ዕቃው ሲመጣ ቀጠሮው ዐሥር ቀን ቀርቶት ነበር። ማይኩን ከኮንቨርተሩ፣ ኮንቨርተሩን ከኮምፒውተሩ ካርድ በአንድ ቀጭን ኬብል አያይዤ ራሴን ቀዳሁ። መልሼ ስሰማ በድምፄ መካከል ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ኬብሉን ቀየርኩ፤ ጠቅ። የመብራት መስመሩን ቀየርኩ፤ ጠቅ። መብራት በፈረቃ ስለሆነ የምሠራው አንድ ቀን አልፎ አንድ ቀን ነው፤ በሌለበት ቀን ቁጭ ብዬ ስልኩን እያየሁ ካሳሁንን እረግማለሁ።

ኋላ ነው የገባኝ። ሁለቱም ዕቃዎች፣ ኮንቨርተሩም ካርዱም፣ ድምፁን የሚቆጥሩበት የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ ሁለቱም በኔ ቁጠር እያሉ ነው። ይሄን ሳውቅ በደስታ ዘልዬ ሁለቱንም "ሌላውን ተከተል" የሚለው ላይ አደረግኳቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ጭራሽ ድምፅ የሚባል ጠፋ። በር ላይ "ይግቡ"፣ "ኧረ እርስዎ ይቅደሙ" እየተባባሉ ደጅ እንደሚያመሹ ሁለት ጨዋ ሰዎች እየተጠባበቁ ነበር። ኮንቨርተሩን መሪ፣ ካርዱን ተከታይ አደረግኩ። ከዚያ ቀዳሁና ሰማሁ። ጠቅታ የለም፣ ሽሽሽ የሚል የለም። በዝምታው ውስጥ የገዛ ምላሴ ከላንቃዬ ሲላቀቅ ሰማሁት። ሙሉን ጠርቼ ባዶውን ዝምታ አሰማኋት። "ምንም የለም እኮ" አለች። "እሱን ነው የምልሽ!" አልኳት።

ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሳይደበድበው በጠዋት እማማ ደስታነሽን አስመጣኋቸው። ማይኩ ፊት አቁሜ "ትንሽ ይዘምሩልኝና የድምፅ መቀበያውን ልክ ላስተካክል" አልኳቸው። በለሆሳስ አንድ ስንኝ አሉልኝ። ጠንከር አድርገው እንዲሉልኝ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን ታማሚ ናቸው፣ እንደ እናቴ ናቸው፣ ሐኪሙም ድምፅዎን ይቆጥቡ ብሏቸዋል፤ አፈርኩ። በዚያችው በለሆሳሷ ልክ መቀበያውን ከፍ አድርጌ አስተካከልኩ። ደግሞም የካሴት ዘመን ሰው ነኝ። በካሴት የድምፅ መለኪያው መርፌ ቀዩን ቢነካ ድምፁ ይሞቃል እንጂ አይበላሽም።

እንደ ልማዳችን ጸለይን። ከዚያ ዘመሩ።

አንደኛው አንቀጽ ሲያልቅ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መዝሙር ሲዘመር ዓይኑን የሚገልጥ ሰው የለም፤ ነውር ይመስላል። አራተኛው አንቀጽ ላይ "ማጋኖ" ብለው ሲጠሩ ክፍሉ ጠበበን። እንደዚያን ቀን ዘምረው አያውቁም። እንባዬ ወረደ። ስገልጥ ትንሿ ሳጥን ላይ ድምፅ ከልኩ ሲያልፍ የሚበራው ቀዩ መብራት ቦግ እንዳለ ቀርቷል።

ሄድፎኑን አድርጌ ሰማሁት። ከአራተኛው አንቀጽ ጀምሮ ድምፃቸው ይንጫጫል፣ ይሰነጠቃል። በዚህ ዕቃ ከጣሪያው ያለፈ ድምፅ እንደ ካሴቱ አይሞቅም፤ ይቆረጣል፣ አይጠገንም። ክው አልኩ። ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፤ "ተባርከዋል፣ አልቋል" ብል ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር።

"እማማ፣ አበላሽቼዋለሁ" አልኳቸው። "ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።"

ሳቁ። "ከሚጸልይ ሰው ጋር አልጣላም" አሉኝ። "መብራቷ የቷ ናት? አሳየኝ። ቀይ እንዳትሆን እኔም እጠብቃታለሁ።"

ውኃ ጠጥተው ደገሙት። ልኩን ዝቅ አድርጌያለሁ፤ ሁለታችንም ዓይናችንን ሳጥኗ ላይ ተክለናል። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አንድ ጊዜ ቢጫ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥርት ያለ ቅጂ ሆነ። ደክሟቸው ስለነበር ሳያዳምጡት ባጃጅ ጠርቼ ሸኘኋቸው።

ያን ዕለት ከሰዓት የመጀመሪያውን ቅጂ አጠፋሁት። ቦታ ስለጠበበኝ አይደለም። አንድ ባለሙያ ድንገት ሰምቶ "በኃይሉ እኮ እንዲህ ነው የሚቀዳው" እንዳይለኝ ነው።

በሁለት ወራቸው አንገታቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጡ። ቀዶ ሕክምናው ደህና ነበር፤ ትንፋሻቸውም ደህና ነው። ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ሲናገሩ ለመስማት ወደ አፋቸው ጎንበስ ማለት ነበረብኝ።

"የመጀመሪያዋን አሰማኝ" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ጥሩው ሁለተኛው ነው፣ እማማ።"

"አውቃለሁ። የመጀመሪያዋን።"

ወለሉን እያየሁ "የለችም" አልኩ። "አጥፍቻታለሁ። አፍሬባት ነው።"

ባለቤቴ ሻይ ይዛ ገብታ፣ ፊታችንን አይታ፣ አስቀምጣ ወጣች። እማማ "እሺ፣ ያለችውን አሰማኝ" አሉ። ሄድፎኑን ራሴ አደረግኩላቸው። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"ቆንጆ ናት" አሉ ሲያወልቁት። "ግን ይቺ ሴትዮ ፈርታለች።"

"እንዴት እማማ?"

"አትሰማትም? መብራቷን እያየች እኮ ነው። ማጋኖ ትላለች እንጂ የምታየው መብራቷን ነው።"

ሃያ ዓመት የሰማሁትን ድምፅ እንዴት ሳላውቀው ቀረሁ? እውነታቸውን ነው። አራተኛው አንቀጽ ላይ የሚሰቅሉት ድምፅ ቢጫውን ሲያይ ተመልሶ ወርዷል። ያቺ መንገድ ያለችበትን ብቸኛ ቅጂ በገዛ ጣቴ አጥፍቼ፣ ጥርት ያለ ፍርሃት ይዤ ተቀምጫለሁ። አለቀስኩ፤ አልደበቅኳቸውም። "ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ተደግፈውኝ ተነሡና ማይኩ ፊት ቆሙ።

"ክፈተው።"

"እማማ፣ ሐኪሙ..."

"ክፈተው ልጄ። አሁን የምሳሳለት ድምፅ የለኝም።"

ልኩን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እኔ አልጨፈንኩም። በሹክሹክታ ዘመሩ። ቃላቱ ከከንፈራቸው ሲነሡ፣ ነጠላው ከአንገታቸው ጋር ሲነካካ፣ ሁሉም ገባ። አራተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ አገጫቸውን ቀና አደረጉ፣ ደረታቸው ሞላ፣ "ማጋኖ" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ድምፅ አልወጣም። እስትንፋስ ብቻ ነው የወጣው፤ ግን ያችን ከታች ወደ ላይ የምትሄደውን መንገድ አንድ በአንድ ይዞ ወጣ።

ሲጨርሱ ሊያዳምጡት አልጠየቁም። ነጠላቸውን አስተካክለው የቀዘቀዘውን ሻይ አነሡ።

"ለልጆቹ ይቺን ስጣቸው" አሉኝ።