ባዶው ግንድ

ከመንደራችን ከሮካሴልቫ በላይ ባለው ጫካ ውስጡ እንደ ጎጆ የተቦረቦረ አንድ ያረጀ፣ ፍሬው ተቆልቶ የሚበላ የካስታኛ ዛፍ አለ። በመንደሩ ውስጥ «በጦርነቱ ጊዜ አያታችን ከጀርመኖች የተደበቀው እዚህ ነው» የማይል ቤተሰብ የለም። እንደነሱ ከሆነ ዛፍ ሳይሆን ሆቴል ነበረን ማለት ነው። በእውነት የተደበቀው ግን የኔ አያት ኦርፌዮ ነው!

በቅዱስ ማርቲን ቀን፣ እንደ ልማዳችን አዲሱን ወይን ይዘን ካስታኛ ልንቆላ ዛፉ ሥር ተሰበሰብን። ጎረቤቴ ፉልቪዮ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሳይጨርስ ጀመረኝ።

«የኔ አያት እዚህ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ከርሟል።»

«በዚያ ቦርጩ? ጭንቅላቱም አይገባም!»

«ቦርጩ የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው! አንተ ራስህ እስቲ ግባ!»

ደሜ ፈላ። ገባሁ። እሱም እልህ ይዞት ተከተለኝ፤ ደረት ለደረት ተጣብቀን መውጫው ጠፋን። ሰው ሁሉ እየሳቀ መቁላቱን ረሳው፤ ካስታኛው አረረ።

የኦርፌዮ ሚስት፣ አያቴ ኤርሲሊያ፣ ከዘራዋን ተደግፋ መጣችና አጮልቃ አየችን።

«ፉልቪዮ ልጄ፣ ያንተ አያት እዚህ አልገባም።»

«ሰማህ?» አልኩት፣ ፊቱ ላይ።

«ቦታው ተይዞ ነበራ» አለች።

«በማን፣ እማማ?» አለ ፉልቪዮ።

«በኦርፌዮና በኔ። የተደበቅነውም ከእናቴ ነው።»

ፉልቪዮ ሲስቅ ግንዱ ተነቃነቀ።

«ጀርመኖቹስ?» አልኳት።

«በዚሁ በኩል አልፈዋል አሉ» አለች፣ ግንዱን በመዳፏ እየዳበሰች። «እኛ መች ሰማን!»